ራስ ደጀን ስንት ሜትር ነው? 4,620፣ 4,550፣ 4,543 ወይስ 4,533?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተከፈተ ክር (ጥያቄና መልሶቹ) ዳሰሳ ነው። ጠያቂው አራት ቁጥር ደርድሮ ነው የጀመረው። የቆዩ መጻሕፍት ራስ ደጀንን 4,620 ሜትር ይሉታል፤ አንዳንድ ካርታ 4,543 ይላል፤ ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚገኘው 4,550 ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ 4,533 ተጽፏል። ተራራው አንድ ሆኖ ሳለ በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል 87 ሜትር አለ። የቱ ይታመን? ስልክ ጫፉ ላይ የሚያሳየውስ ያስተማምናል? ከዳሎል እስከ ስሜን ተራሮች ያለውን የመሬት ገጽታ ኮምፒዩተር ላይ ማውጣት የፈለገ ሰውስ ከየት ይጀምር? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። መልሶቹ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱን ዘርዝሬ፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፋለሁ።

መልስ 1። ትሕትና የተሞላ ነው። የከፍታ ቁጥር ሦስት ነገር አብሮት ካልተጻፈ አይጠቅምም ይላል፦ ዜሮው ከየት ተነሳ፣ በምን መሣሪያ ተለካ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ተቆመ። በዚህ መዝኖ 4,620ን ከዘመናዊ ልኬት ጋር ስለማይገጥም ያወጣዋል። የቀሩት ሦስቱ በ17 ሜትር ውስጥ ስለሚገቡ ጠባቸው የሚታረቅ ነው ብሎ ይተወዋል።

መልስ 2። 4,620ን ለመጣል አትቸኩሉ ባይ ነው። የሚያሳስበው ደረጃው ነው። የታንዛኒያው ሜሩ 4,562 ሜትር ነው። ራስ ደጀን 4,620 ከሆነ ከኪሊማንጃሮ (5,895)፣ ከኬንያ (5,199) እና ከሩዌንዞሪ (5,109) ቀጥሎ 4ኛ ይቀመጣል፤ 4,550 ከሆነ ግን ሜሩ ይቀድመውና 5ኛ ይሆናል። ይህም ሩዌንዞሪን እንደ አንድ ተራራ ከቆጠርን ነው፤ ስፒክን (4,890)፣ ቤከርን (4,843)፣ ኤሚንን (4,798) እና የቀሩትን ጫፎች ለየብቻ ከቆጠርናቸው ራስ ደጀን ወደ 10ኛው ግድም ይወርዳል። ስሌቱ ልክ ነው። ለደረጃ ተብሎ ሜትር እንደማይጨመር ግን የነገረው ሰው እስከ መልስ 8 ድረስ አልተገኘም።

መልስ 3። የቆየው ቁጥር ለምን እንደሚሳሳት ለማስረዳት ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ይመለሳል። ያኔ ከፍታ የሚያዘው ወይ እንደ አሳሹ አንትዋን ዳባዲ በቴዎዶላይት ከሩቅ አንግል በመውሰድ፣ ወይ የአየር ግፊትን በባሮሜትር በመለካት፣ ወይ ውኃ አፍልቶ የፈላበትን ሙቀት በማንበብ ነበር። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ በ85 ገደማ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ መሆኑ ነው። ቴርሞሜትሩ በ0.1 ዲግሪ ከሳተ ከፍታው በ30 ሜትር ይስታል፤ በ0.3 ከሳተ የጠያቂው 87 ሜትር ሙሉ በሙሉ ተገኘ። ፈረንሳውያኑ ፌሬና ጋሊኒዬ እ.ኤ.አ. በ1841 ጫፉ ላይ ሲወጡ የዘመኑ መሣሪያ ይህን የመሰለ ነበር ይላል።

መልስ 4። 3ኛውን አመስግኖ ያርመዋል። ቴርሞሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም ይስታል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ለማስረዳት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጎትት ምክንያት ያስፈልጋል። ተራ አልቲሜትር (ከአየር ግፊት ከፍታን የሚያነብ መሣሪያ) የሚጎትተው ደግሞ ወደ ታች ነው። መሣሪያው የሚሰላው በስታንዳርድ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ሰንጠረዡ 3,700 ሜትር ላይ ያለውን አየር ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ብሎ ይወስደዋል። ስሜን ላይ በዚያ ከፍታ ቀን ቀን ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞቀ አየር ስለሚሰፋ በየ10 ዲግሪው ልዩነት ንባቡ 4 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደባርቅ (2,850 ገደማ) ላይ አስተካክሎ የተነሳ ሰው 1,700 ሜትር ከወጣ በኋላ መሣሪያው 1,600 ገደማ ብቻ ይነግረዋል። መቶ ሜትር ተበላ ማለት ነው።

መልስ 5። የክሩ ምርጥ መልስ ይመስለኛል። የ4ኛው ስሌት ለዛሬ የእጅ ሰዓት አልቲሜትር እንጂ ለዚያ ዘመን አይሠራም ይላል። የድሮዎቹ ከአየር ግፊትና ከሙቀት ከፍታ የሚያወጣውን የላፕላስን ቀመር ይዘው ከታችና ከላይ ያነበቡትን ሙቀት አማካይ ያስገቡ ነበር። ጉዱ ያለው ቴርሞሜትሩ ከመሬት አጠገብ መሆኑ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የጠበሰው ድንጋይ ዳር ያለው አየር፣ ከገደሉ ወዲያ በነፃ ከሚነፍሰው ይልቅ ይሞቃል። ቀመሩ የተጋነነ ሙቀት ሲገባበት የተጋነነ ከፍታ ያወጣል፤ ሌሊት ተቃራኒው ይሆናል። ሰው ደግሞ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ቀን ነው።

በዚያ ላይ የአየር ግፊቱ ራሱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። በእኛ አካባቢ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ 2 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ቢሆን እንኳ፣ ስሜን ውስጥ ባለው ጨነቅ ካምፕ (3,620 ገደማ) ላይ 1 ሄክቶፓስካል 12 ሜትር ስለሚያህል፣ ቁጭ ባሉበት 24 ሜትር ወጥተዋል ወይም ወርደዋል ይላል መሣሪያው። መፍትሔው ሁለት ባሮሜትር መያዝ፣ አንዱን ካምፕ ትቶ በተመሳሳይ ሰዓት ማንበብና ልዩነቱን ብቻ መጠቀም ነው። 4,620 የተወለደው በዚህ መንገድ ነው ብሎ ግን አልደመደመም፤ በዚህ መንገድ የተወለዱ ብዙ ቁጥሮች አሉ ብሎ ነው ያቆመው። መታገሱን ወደድኩለት።

መልስ 6። ስለ ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ከሳተላይት የሚያገኘው ጥሬ ከፍታ የሚቆጠረው ኤሊፕሶይድ ከሚባለው ለስላሳ የሂሳብ ቅርጽ ነው። አይፎን ወደ ባሕር ጠለል ለውጦ ያሳያል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ድንጋይ ላይ ቆመው ስልካቸው አይስማማም፤ ሁለቱም ስልክ ግን አልተበላሸም። በኤሊፕሶይዱና በባሕር ጠለሉ መካከል ያለው ልዩነት ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ 100 ሜትር ያልፋል፤ እኛ ዘንድ የጥቂት ሜትሮች ጉዳይ ነው። አንዳንዱ አፕ ራሱ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወደ ስሜን ሲያልፉ ባሕር ዳር ላይ ጣና ዳር ቆሞ ማንበብ። የሐይቁ ገጽ እንደ ወቅቱ ከ1,786 ሜትር ብዙ አይርቅም። ለማንኛውም የስልክ የከፍታ ስሕተት የአግድሙ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው፤ አግድሙን 5 ሜትር ቢስት ከፍታውን 10 ወይም 15 ሜትር ይስታል። ስለዚህ በስልክ 4,533ን ከ4,543 መለየት አይቻልም።

መልስ 7። የ2ኛው ባለቤት ተመልሶ መጣ። ተራራችንን ያሳጠሩት ፈረንጆች ናቸው የሚል አዝማሚያ አለው፤ ቁጥር አላቀረበም።

መልስ 8። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። «እርስዎ» ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች «አንተ» ላይ ወረዱ። 8ኛው እንደሚለው ከሆነ 4,620ን የሰጡትም ፈረንጆች ናቸው፤ አንዱን የፈረንጅ ቁጥር ስለሚያኮራ ይዞ ሌላውን ስለማያኮራ መጣል ልኬት አይባልም። ቀጥሎ ለመጽናኛ ይሁን ለማሾፍ ባይለይም ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ተራራ ከዙሪያው ጎልቶ በመውጣቱ ከተለካ፣ ራስ ደጀን ወደ ሌላ የበለጠ ከፍ ያለ ተራራ ለመሻገር እስከ ቱርካና ቆላ ድረስ መውረድ ስለሚጠይቅ፣ ጉልህነቱ 4,000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ መለኪያ ከአፍሪካ ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ 70 ሜትር መበደር አያስፈልገውም።

መልስ 9። ክሩን ወደ ሥራ የመለሰው ይህ ነው፤ ጸሐፊው ቀያሽ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የሚያዘው ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሳተላይት ሪሲቨር፣ ትራይፖድ፣ የብረት ሜትርና ተጠባባቂ ባትሪ ነው። አንቴናው ከሁሉ ከፍ ባለው ድንጋይ ላይ ይተከላል፤ ድንጋዩ ትራይፖድ የማያስቆም ከሆነ ጎኑ ላይ ተክሎ ልዩነቱን በሌቭል (አግድም መስመር በሚያሳየው መሣሪያ) መያዝ ነው። ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢቻል 4 ሰዓት፣ በየ15 ወይም በየ30 ሰከንዱ እየመዘገበ ሳይነካ ይቀመጣል። ከአድማስ 10 ዲግሪ በታች ያለ ሳተላይት አይገባም። መዝገቡ ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ የፋይል ዓይነት ይለወጥና፣ ቦታና ከፍታ አስልቶ ወደሚመልሰው የአውስትራሊያው አውስፖስ ወይም የካናዳው ፒፒፒ የኢንተርኔት አገልግሎት ይላካል፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ከቸኮሉ በማግሥቱ መልስ ይመጣል፤ የመጨረሻው የሳተላይት ምሕዋር ስሌት እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል የታገሠ ግን የተሻለውን ያገኛል።

የሚበላሸውም የት እንደሆነ አልደበቀም። አንደኛው የአንቴና ቁመት ነው። ከድንጋዩ እስከ አንቴናው መቀመጫ ቀጥ ተብሎ የተለካው በሰያፍ ከተለካው ጋር ይምታታል፤ ወይም ማታ ድካም ላይ ይጻፋል ተብሎ ሳይጻፍ ይቀራል። ከመጀመርና ከማንሳት በፊት ሁለቴ ለክቶ ወረቀት ላይ መጻፍና ሜትሩ እንደተዘረጋ ፎቶ ማንሳት ይላል። ሁለተኛው ብርድ ነው፤ ባትሪው ሌሊት መኝታ ውስጥ ካላደረ ጠዋት ግማሽ ነው። ሦስተኛው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው። አገልግሎቱ የሚመልሰው ከኤሊፕሶይድ ያለውን ከፍታ ስለሆነ፣ ኢጂኤም2008 ከተባለው የዓለም ሞዴል የተነበበው የጂኦይድ (የባሕር ጠለሉን የሚወክለው ገጽ) ቁመት ይቀነስበታል፤ የጂኦይዱ ቁመት ከዜሮ በታች ከሆነ ግን መቀነሱ መደመር ይሆናል። እዚህ ላይ የሳተ ሰው ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ከሁሉ የወደድኩት የመጨረሻው ማሳሰቢያው ነው። ሳተላይቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ሊነግር ይችላል፤ የስበት ልኬት በሌለበት ተራራ ላይ ጂኦይዱ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ጽፎ መለጠፍ ጉራ ነው። ሜትሩን ሙሉ ቁጥር አድርጎ መተው ይበቃል።

መልስ 10። ለ9ኛው ማሟያ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከላይ ያለው አዮኖስፌርም (የሳተላይቱ ምልክት የሚያልፍበት በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር) በዚያው ልክ ይታወካል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ የሳተላይቱ ምልክት ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ጠዋት ይለካ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ሪሲቨር ይዞ አዲስ አበባ ካለው ቋሚ ጣቢያ ጋር አገናኛለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ከስሜን እስከዚያ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሁለቱ ሰማይ አንድ ዓይነት አይደለም።

መልስ 11። ማንም ያላነሳውን አነሳ። ራስ ደጀን ላይ የወጣ ሰው በቅርብ ርቀት ተመሳሳይ የሚመስሉ የድንጋይ ጫፎች ያያል፤ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። የቆሙበት ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ዓይን ያታልላል። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። በእጅ የሚያዝ ሌቭል በቂ ነው፤ ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሁለተኛው ይታያል፣ ከሁለተኛውም ወደ አንደኛው ተመልሶ ይታያል፣ የሁለቱ ንባብ አማካይ ይወሰዳል። መሣሪያው ትንሽ ቢያዘነብልም በምልልሱ ስሕተቱ ይጠፋል። አንድ አቅጣጫ ብቻ ዓይቶ የወረደ ሰው የመሣሪያውን ጉድለት ለክቶ ነው የሄደው። ሰዎች የቆለሉት የድንጋይ ካብ ከተፈጥሮው ድንጋይ ተለይቶ መለካት እንዳለበትም አሳስቧል፤ ካብ ከፍታ አይደለም።

መልስ 12። የጠያቂውን ሦስተኛ ጥያቄ የመለሰው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ማንም አልነካውም ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኤንደቨር መንኮራኩር በ11 ቀን በሬዳር የሰበሰበው፣ ኤስአርቲኤም የሚባለው የመሬት ከፍታ ዳታ ነው። በአንድ ዲግሪ ካሬ ተቆርጦ ይቀርባል። ፋይሉ ሲወርድ መጠኑ ይታይ፦ 25,934,402 ባይት ከሆነ ባለ 30 ሜትሩ (በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር ያለው) ነው፤ 2,884,802 ባይት ከሆነ ባለ 90 ሜትሩ ነው፤ ከሁለቱ ከተለየ አወራረዱ ተቋርጧል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ይከፈትና አጎራባቾቹ ይጣበቃሉ።

ቀጥሎ ሦስት ወጥመድ ጠቆመ። −32768 የሚል ቁጥር ከፍታ አይደለም፤ ሬዳሩ ያላየው ባዶ ቦታ ነው። ስሜን ውስጥ ገደሉ ጥላ ስለሚጥልበት ሰሜናዊው አፋፍ ሥር ብዙ ነው፤ ባዶነቱ ካልተነገረው ፕሮግራሙ አማካዩን ሁሉ ያበላሸዋል። ሁለተኛው ዳሎል ላይ ይመጣል። ከባሕር ጠለል በታች ያለው መሬት የመቀነስ ምልክት መያዝ በሚችል የቁጥር ዓይነት ካልተነበበ −120 የነበረው 65,416 ሆኖ ይወጣል፤ አፋር ላይ ከኤቨረስት 7 እጥፍ የሚበልጥ ተራራ ያየ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው። ሦስተኛው ተዳፋት ሲሰላ ነው። አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ከሆነ አገሩ በሙሉ 90 ዲግሪ ገደል ይሆናል። ወይ አስቀድሞ በሜትር ወደሚቆጥረው ዩቲኤም ዞን 37 መለወጥ፣ ወይ ማመጣጠኛው ላይ 111,120 (የአንድ ዲግሪ ርዝመት በሜትር) መጻፍ ነው።

መልስ 13። 12ኛውን አላስተረፈውም። በ30 ሜትር ፒክስል ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ይህ ነው የራስ ደጀን ከፍታ ማለት አላዋቂነት ነው ይላል፤ ቃሉ ይህን ያህል መክረር ነበረበት አልልም። ነጥቡ ግን እውነት ነው። አንድ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ቦታ በአንድ ቁጥር ይወክላል፤ ሾጣጣ ጫፍ ከዙሪያው ጋር ተደባልቆ ሜትሮች ይበላሉ። የኤስአርቲኤም የመነሻ መስፈርትም ከ100 ነጥብ 90ው በ16 ሜትር ውስጥ እንዲገባ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ባዶ ቦታ ለሌለው የተሻለ ሥራ የአውሮፓውን ኮፐርኒከስ ባለ 30 ሜትር የከፍታ ዳታ መረጠ፤ ያ ከፍታውን በኢጂኤም2008 ሲሰጥ ኤስአርቲኤም በኢጂኤም96 ይሰጣል፤ ሳይለውጡ ሁለቱን መቀናነስ ሌላ ጥፋት ነው።

12ኛው በመልስ 14 ተመልሶ ገደልና ሸለቆ ማሳየት እንጂ ጫፍ መለካት አልተባለም ብሎ ራሱን ተከላከለ። ልክ ነው፤ እንደገና ቢነበብ እንዲያ አላለም።

መልስ 15። ሬዳሩ የሚያየው መሬቱን ሳይሆን ላዩ ላይ ያለውን ነው። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ላይ ሜዳ መካከል ክብ ክብ ጉብታ ካርታው ላይ ከታየ፣ ኮረብታ ከመባሉ በፊት የሳተላይት ፎቶ ይከፈት፤ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ረጅሙ ዛፍ ቁመቱን መሬቱ ላይ ደርቦ አስቆጥሯል። የባሕር ዛፍ ተክልም እንዲሁ ቀጥ ባለ መስመር የተሠራ እርከን ይመስላል። የጎርፍ መንገድ የሚያሰላ ሰው እነዚህን ሳያጸዳ ከሠራ፣ ውኃው ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ሲሄድ ይታየዋል።

መልስ 16። መሬቱ ለምን እንዲህ ሆነ ወደሚለው ተሻገረ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአጭር ጊዜ፣ በጂኦሎጂ አቆጣጠር አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ከስንጥቅ የፈሰሰው ባዛልት በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተነባብሯል። ስሜን በዚያ ላይ ተደርቦ የተነሳ፣ እንደ ጋሻ የተንጣለለ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ጉና ደግሞ 10.7። የገደሉ ደረጃ ደረጃ መሆን የሚመጣው ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በመካከል ያለው አመድና ቀይ አፈር ደግሞ ስለሚሸረሸር ነው። ስሜን ውስጥ መንደርና የገብስ ማሳ በገደል ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው በዚያው ለስላሳ እርከን ላይ ነው። እመት ጎጎ (3,926) ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው እርከኖቹን መቁጠር ይችላል።

መልስ 17። ዓባይን አስገባ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ከ2,500 ሜትር ግድም ተነስቶ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰም፣ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ በተራ ይታያል። ጂፕሰሙና ኖራ ድንጋዩ አካባቢው አንድ ጊዜ ባሕር እንደነበር ይመሰክራል። ከፍታን ሲያወሩ ይህን መርሳት አይገባም፤ የባሕር ወለል የነበረው ዛሬ ከባሕር ጠለል ብዙ መቶ ሜትር በላይ ነው።

ከዚህ በኋላ 18ኛውና 19ኛው የኢትዮጵያን ደጋ አምባ ማን አነሳው በሚለው ተያያዙ። አንደኛው ከሥር የመጣ ትኩስ የመሬት ውስጥ ግፊት በአንድ ጊዜ ቀደም ብሎ አንስቶታል ሲል፣ ሁለተኛው ወንዙ በተለያየ ዘመን በተለያየ ፍጥነት መቆፈሩ መሬቱ በየዘመኑ መነሳቱን ያሳያል ይላል። የሁለቱም ሐሳብ በባለሙያዎች ዘንድ ደጋፊ አለው። ሁለተኛው ጨዋ ነበር፤ አንደኛው ግን ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ስለ ተከራካሪው እንጂ ስለ ድንጋዩ አልጻፈም።

መልስ 20። ከአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የሚለውን ተደጋግሞ የሚጠቀስ አኃዝ አምጥቶ ማረጋገጫ ጠየቀ።

መልስ 21። ከመከራከር ራስህ ቁጠረው አለው። ዳታው እኩል ስፋት ወደሚጠብቅ ፕሮጀክሽን (የካርታ አዘረጋግ) ይለወጥ፤ በዲግሪ ከተቆጠረ ከወገብ የራቀው አገር፣ ማለትም ሞሮኮና አትላስ፣ ያለ አግባብ ይሰፋል። ከዚያ ከ3,000 በታች ያለው 0፣ ከዚያ በላይ ያለው 1 ተደርጎ ይመደብ፤ የፒክስሉ ብዛት በአንዱ ስፋት ይባዛ። ለመላው አፍሪካ ባለ 30 ሜትሩን ማውረድ ኮምፒዩተሩን ማሰቃየት ነው፤ ባለ 90 ሜትሩ ይበቃል። ውጤቱን ይዞ የተመለሰ ሰው እስካሁን የለም።

ከ22 እስከ 25 ያሉት ከመስመር ወጡ። 22ኛው ጨነቅ ላይ ምስርና ባቄላ ስለማይበስል ፕሬዠር ኩከር ወይም የተቆላ ዱቄት ይያዝ አለ፤ የ3ኛውን የፈላ ውኃ ሂሳብ ወደ ድስት አወረደው ማለት ነው። 23ኛው ራስ ደጀን ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል 57 በመቶ ገደማ መሆኑን አስታውሶ፣ ከ3,000 በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨመር አለ። 24ኛው የደጋ ሰው አይመለከተውም ብሎ ሲቀልድ፣ 25ኛው ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል፤ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ግን ይጨምራሉ። ይህ እዚያው ለኖረ ነው እንጂ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለመጣ አይሠራም ሲል አከለበት።

መልስ 26። የእግር መንገዱን ቁጥር አወጣ። ከጨነቅ እስከ ራስ ደጀን በካርታ ሲታይ 930 ሜትር መውጣት ይመስላል። እግር ግን ከ3,620 ወደ ቧሂት በር 4,200 ገደማ ይወጣል፣ ወደ መሸሃ ወንዝ 2,800 ገደማ ይወርዳል፣ አምቢቆ 3,200 ላይ ያድራል፣ ከዚያ ወደ ጫፉ ይወጣል። መውጣቱ ብቻ ሲደመር 2,300 ሜትር ይሆናል፤ መመለሻው ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሰዓት ከዚህም በላይ ቢያሳይ አይገርምም፤ ቆሞ ሲያርፍ እንኳ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል መሣሪያው መውጣት ብሎ ይደምረዋል። ከ5 ሜትር በታች ያለውን ለውጥ እንዳይቆጥር ማድረግ ነው።

መልስ 27። አጭር ናት፤ ሕይወት ግን ታድናለች። የድሮው 1፡50,000 ካርታ በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ቁጥር የሚቆጠርበት መነሻ) ነው፣ ስልኩ በደብሊውጂኤስ84 ነው። ሳይለወጥ ቁጥሩ ካርታው ላይ ከተቀመጠ ቦታው 200 ሜትር ያህል ይስታል፣ አብዛኛውም ወደ ሰሜንና ደቡብ ነው። ስሜን ላይ ገደሉ በስተሰሜን ነው። 200 ሜትር ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ አፋፍ ላይ ግን ካርታው መንገድ የሚለው ቦታ አየር ነው።

መልስ 28 እና 29 የዓባይ ቁልቁለት ላይ መኪና በስንተኛ ማርሽ ይወረዳል፣ ፍሬን ለምን ይግላል በሚለው ተጣሉ። አወያዩ ሁለቱንም ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው።

መልስ 30። ጠያቂው ተመልሶ አመሰገነና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የትኞቹን ፋይሎች ላውርድ?

መልስ 31። 12ኛው ነው የመለሰለት። የፋይሉ ስም የደቡብ ምዕራብ ጥጉ ነው፤ ራስ ደጀን በ13 ዲግሪ ሰሜን 38 ምሥራቅ ውስጥ፣ ዳሎል በ14 ሰሜን 40 ምሥራቅ ውስጥ ይገኛል። በመካከል ያለውን ለመሸፈን ከ13 እስከ 14 ሰሜን፣ ከ38 እስከ 40 ምሥራቅ፣ ስድስት ፋይል ይበቃል። ሁለቱ ቦታዎች በቀጥታ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ የከፍታ ልዩነታቸው 4,600 ሜትር ያልፋል፤ የቁመት ማጋነኛው ከ3 እጥፍ በላይ ከሆነ ትግራይ በሙሉ ግድግዳ ሆኖ ስለሚታይ 2 ላይ ይተው ብሏል።